በእኔ ክንድ የተለካው ሐዲድ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤ እንኳ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እሱንም የመጨረሻውን ፈተና ሳልፈተን። በሰው ፊት መናገርም ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ነቀምቴ በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ደንበኛ ሲመጣ እኔ ሜትሩን ይዤ ትከሻና ወገብ እለካለሁ፤ የምታጫውታቸው ባለቤቷ ናት። ዲዳ የምመስላቸው ደንበኞች አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ፎቅ ሊሠሩ አንድ አይሱዙ ሙሉ ባሕር ዛፍ አራገፉ። ገና የተላጠ፣ እርጥብ፣ ነጭ እንጨት ነው። ዝናብ አካፍቶ ነበርና ሽታው መንገዱን ተሻግሮ መጣብኝ፤ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ። ከዚያ በኋላ የሰፋሁትን አላውቅም። የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ተገኘሁ። ባለቤቷ፣ «ዛሬ ምን ነካሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እጅጌውን ስፈታና እንደገና ስሰፋ ዋልኩ፤ ሐሳቤ ግን አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነበር።

የምነግራችሁ ስለ ሐዲድ ነው። ባቡር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ያደግኩት ጊዳ አያና ውስጥ፣ ከአያና ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ሁለት መንደሮች ጎን ለጎን ነበርን። ላይኛው የእኛ ነው፤ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች መንደር። አባቴ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የመጣው፤ ስለ ወሎ ሲያወራ ግን ትናንት የለቀቃት ይመስላል። ታችኛው መንደር ከእኛ በፊት የነበሩት ኦሮሞዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ በሁለቱ መካከል ነበር። ክፍሎቹ ስለማይበቁ በፈረቃ እንማር ነበር፤ ጠዋት በኦሮምኛ የሚማሩት፣ ከሰዓት በአማርኛ የምንማረው። ያው ዴስክ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው የሚያፈስ ቆርቆሮ።

እኔ በምቀመጥበት ዴስክ ላይ ጠዋት የምትቀመጠው የታችኛው መንደር አናጢ ልጅ ነበረች። የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ እነሱ ሲወጡ እኛ ስንገባ፣ በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! ዴስኬን በምላጭ የምትፍቂው አንቺ ነሽ?»

እኔ አልነበርኩም። ግን «አይደለሁም» የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃተኝና እንባዬ መጣ። እሷ ከእኔ በላይ ደነገጠች። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ተይ በቃ፣ ፋቂው! እንጨት አይደል? አባቴ ሌላ ይሠራል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዴስኩ ውስጥ የሆነ ነገር ትታልኝ ትሄድ ነበር፤ ግማሽ እርሳስ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የበቆሎ ቆሎ፣ አንዳንዴ አባቷ እንጨት ሲልግ የሚወጣውን እንደ ጸጉር የተጠቀለለ ልጣጭ። እኔ ደግሞ ከጓሯችን ዘይቱን አስቀምጥላት ነበር። ከትምህርት ቤት ውጭ ስንገናኝ እሷ ለሁለታችንም ታወራለች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ስትቆጣ መሃሉ ላይ ኦሮምኛ ይሆንባታል። የእኔ ኦሮምኛ ደህና ነበር፤ ብናገረው ኖሮ። አባቷ በመንገድ ሲያገኘኝ ቁመቱን ጎንበስ አድርጎ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» ይለኝ ነበር፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለቱ ነው። በጣም ረጅም ሰው ነበር። ሁልጊዜ የእንጨት ዱቄት ይሸታል።

ሁለቱንም ፈረቃ የሚያስተምር አንድ አስተማሪ ነበረን። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነው። ሽፋኑ የወለቀ ትልቅ መጽሐፍ ነበረው፤ ውስጡ የአሜሪካ የባቡር ታሪክ ከነሥዕሉ። ከትምህርታችን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ይገባና «እስቲ ሐዲዱ ዛሬ የት ደረሰ?» ይላል።

መጀመሪያ ሳቅንበት። እኛ ባቡር ብለን የምንጠራው የእህል ወፍጮውን ነበር። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ በቆሎ ብቻ ነው ወይስ ጤፍም ይፈጫል?» አለው። አስተማሪው ከእኛ ጋር ሳቀ። ከዚያ ሥዕሉን ከፍ አድርጎ አሳየን። በመጀመሪያ በሐዲዱ ላይ ፉርጎ የሚጎትተው ፈረስ እንደነበር ነገረን። የእንፋሎቱ ባቡር ሲመጣ አንዱን ከፈረስ ጋር አወዳደሩት፤ ባቡሩ እየመራ ሳለ የሞተሩ ቀበቶ ወለቀና ፈረሱ አሸነፈ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ፈረስ እናውቃለን፤ የወገናችን ያህል ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የማስታውሰው ግን ሁለቱ ሐዲዶች የተገናኙበትን ታሪክ ነው። አንዱ ኩባንያ ከምሥራቅ፣ ሌላው ከምዕራብ ተነሥተው እየሠሩ ይመጣሉ። የምዕራቡን ተራራ በእጃቸው የሰነጠቁት አብዛኞቹ ቻይናዎች ነበሩ። «እኛም አገር መንገድ የሚሠሩት እነሱ ናቸው!» አለ አንዱ፤ አስተማሪውም፣ «በል እዚህ ፎቶ ላይ ፈልጋቸው» አለው። ሁለት ባቡሮች አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ሰዎች ላያቸው ላይ ተንጠልጥለው የሚታዩበት ፎቶ ነው። መጽሐፉ ከዴስክ ዴስክ ዞረ። አንድም ቻይና አላገኘንም።

«ሊገናኙ ሲቃረቡ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ?» አለ አስተማሪው። «ተላለፉ። አፈር የሚደለድሉት ሰዎች ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። የት እንደሚገናኙ የወሰነ ስላልነበረ ጎን ለጎን ተላልፈው፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ መደልደላቸውን ቀጠሉ።»

«አልተያዩም እንዴ?»

«ተያይተዋል እንጂ። እየተያዩ ነው።»

በመጨረሻ ቦታው ተወስኖ ተገናኙ። በእነሱ 1869፣ በእኛ ግንቦት 1861፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ። የወርቅ ችንካር አዘጋጅተው ነበር። መዶሻውን ያነሣው ትልቅ ሰው ሳተ ይባላል፤ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ግን ለአገሩ ሁሉ «ተፈጸመ» ብሎ ላከ። ወርቁንም ወዲያው ነቅለው ወሰዱት። አስተማሪያችን ይህንን ሲናገር ድምፁ የሠርግ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ይሆን ነበር።

ያ ዓመት ደህና ዓመት አልነበረም። በክረምቱ መውጫ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ። ማን እንደገደለው የሚያውቅ አልነበረም፤ አውቃለሁ የሚል ግን ሞልቶ ነበር። ከዚያ ከብት ጠፋ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠፋ። ገበያ ላይ ሰዎች ሰላምታቸው አጠረ። ድሮ «አካም? ነጋ? ሰላም ነው? ከብቱ? ልጆቹ?» እየተባለ ረጅም ጊዜ ይቆም ነበር፤ አሁን አገጭ ብቻ ይነቀነቃል። የታችኛው መንደር ሴቶች ከእኛ ምንጭ፣ እኛም ከእነሱ ወንዝ መቅዳት ተውን። አባቴ ማታ ማታ ከጎረቤታችን ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

አስተማሪው የወላጆችን ቀን ያሰበው ለዚህ ነው። በግንቦት፣ ከፈተናው በፊት፣ የሁለቱም መንደር ወላጆች አንድ ሜዳ ላይ እንዲቀመጡ። ሽማግሌዎችን ከታችም ከላይም እየሄደ ለመናቸው። እኛ ቤትም መጣ። አባቴ፣ «ልጆች ባቡር ሲሠሩ ለማየት ነው ይህን ያህል መንገድ የምንወርደው?» አለው። አስተማሪው፣ «አዎ፤ ለመጨቃጨቅ ከሚወረድ ለዚያ ይሻላል» አለ። አባቴ ሳቀና እሺ አለ። ስለዚህ ያ ቀን ጨዋታ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያ ቀን በሰላም ካለፈ ሰዎቹ መነጋገር ይጀምራሉ የሚል ነበር ተስፋው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሁለቱ ፈረቃዎች ከባሕር ዛፍ ሐዲድ ይሠራሉ። የጠዋቶቹ ከታችኛው በር፣ እኛ ከላይኛው በር ተነሥተን ወደ ባንዲራው ምሰሶ እንመጣለን። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ግንድ ያመጣል፤ ላጥ ተደርጎ። መሃል ላይ ያለው የአምስት እርምጃ ክፍት ቦታ ወላጆች እያዩ በበዓሉ ቀን ይገጠማል። አናጢው ደግሞ በሐዲዱ ላይ የምትሄድ ትንሽ የእንጨት ፉርጎ ይሠራል። የሐዲዱ ስፋት ሁለት ክንድ ይሁን ተባለ። ለካዮቹ፣ ከእነሱ የአናጢው ልጅ፣ ከእኛ እኔ። አስተማሪው እኔን የመረጠኝ፣ «መናገር የማይጠይቅ ሥራ አገኘሁልሽ» ብሎ ነው። ይህን ብሎ ለሥልጠና ተጠርቶ ነቀምቴ ሄደ፤ ለስምንት ቀን።

ክንድ የማን ክንድ ነው? ይህንን እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። ገመድ ወይም አቡጀዲ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዘመዱ ውስጥ ያለውን ረጅሙን ሰው ይዞ ነው ገበያ የሚወርደው። ሻጩ ደግሞ አጭሩን ወንድሙን ያስለካል። ይሳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ መሃል ላይ ይስማማሉ። ለቁም ነገር የሚለካ ነገር በትልቅ ወንድ ክንድ ነው የሚለካው፤ ይህም የታወቀ ነው። ከእኛ መንደር አንድ ረጅም ሰው ጠርቼ «ክንድዎን ያውሱኝ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ጎረቤታችን ደጅ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ግንድ ይዘው ሜዳው ላይ ቆመው «ለኪ እንጂ!» ሲሉኝ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ በራሴ ክንድ ለካሁ። ሁለት ጊዜ፣ ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ። በዚያው ልክ እንጨት ቆረጥኩና በሱ እየለካሁ አምስት ቀን አስጋደምኳቸው።

በበዓሉ ዋዜማ ወደ ታችኛው ወገን ሄጄ የአናጢው ልጅ በሠራችው ሐዲድ መሃል ቆምኩ። ሰፋኝ። የእኔን መለኪያ እንጨት አጋደምኩት። አንድ ስንዝር ጎደለ። እሷ የለካችው በአባቷ ክንድ ነበር፤ እንደሚገባው።

አስተማሪው ያን ዕለት ማምሻውን ተመለሰ። ከመኪና ሲወርድ አየሁት፤ አቧራ ለብሶ፣ ደክሞ፣ ግን እየሳቀ። «ደረሰ ሐዲዱ?» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ደረሰ» አልኩት።

በበዓሉ ቀን ሰዎቹ መጡ። ማንም ያልጠበቀውን ያህል መጡ። የላይኛው መንደር ሰው በላይ በኩል፣ የታችኛው በታች በኩል ተቀመጠ፤ መሃል ላይ ግን ሽማግሌዎቹ አንድ አግዳሚ ላይ ተደባልቀው ተቀመጡ። ሜዳው በሙሉ ተላጦ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። ደመናው ከፍ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አንዲት የታችኛው መንደር አሮጊት ከእናቴ ጋር «ነጋ?» ተባብለው እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆሙ። እናቴ እጇን ለማስለቀቅ አልቸኮለችም።

የመሃሉ ክፍት ቦታ ተሞላ። የሁለቱም ወገን ልጆች ግንዶቻቸውን እየተሯሯጡ አጋድመው የጎደለውን ገጠሙ። ከሩቅ ያየ ሰው ልዩነቱን አያይም፤ ስፋቱ የሚለወጠው በዚያች መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ነበር፣ ግንዶቹ ደግሞ ጠማማ ናቸው። ከዚያ ፉርጎዋ ከታች መጣች። አናጢው ቀይ ቀለም ቀብቷታል። ሁለት የአንደኛ ክፍል ሴቶች ልጆች፣ አንዷ ከእነሱ አንዷ ከእኛ፣ እንደ ሙሽራ ጎን ለጎን ተቀምጠውባታል። ልጆች ከኋላ ይገፋሉ፤ ሰው ያጨበጭባል። በእነሱ ሐዲድ ላይ ውሃ እንደሚፈስ ሆና መጣች።

መሃሉ ላይ ስትደርስ መንኮራኩሩ ከእኛ ግንድ ላይ ወጣ። ፉርጎዋ ተንጋደደች። የእኛዋ ልጅ በአፏ ተደፋች።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ልጅቷ ቀና ስትል ከንፈሯ ደም በደም ሆኖ ነበር። እናቷ ጮኸች። ጎረቤታችን ብድግ ብሎ በሐዲዱ ላይ እየተራመደ ሄደ፤ በእግሩ የኛን ለካ፣ የእነሱን ለካ።

«ይኸው!» አለ። «እዩት! የእኛ ልክ ነው። እነሱ ናቸው ያሰፉት። ተነገራቸው ልኩ፣ አይደለም እንዴ? ማስፋት ልማዳቸው ነው! ዛሬ ሐዲድ፣ ነገ ማሳ!»

«ምን አልክ?» አለ ከታች በኩል አንድ ሰው።

«የሰማኸውን!»

አስተማሪው በመሃል ገብቶ «በአላህ፣ በእግዜር፣ የልጆች ሥራ ነው!» እያለ እጁን ያወናጭፋል። «ማን ነው የለካው?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። የአናጢው ልጅ ወጣች። «እኔ ነኝ። በአባቴ ክንድ» አለች፤ በአማርኛ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «በአባትሽ ክንድ! በግመሉ ክንድ!» አለ ጎረቤታችን፤ የእኛ ሰዎች ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ያኔ አየችኝ። ከሰው መሃል ፈልጋ አገኘችኝ። ከአሥር እርምጃ አይበልጥም ነበር። አባቷም አየኝ። እሱ እንጨት በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው፤ የእኛ ሐዲድ በልጅ ክንድ እንደተለካ ገና ሲያየው አውቆታል። አንድም ቃል አልተናገረም። በዚያ ሁሉ የተቆጣ ሰው ፊት የአንዲት ልጅ ስም መጥራት አልፈለገም። ሁለቱም ያዩኝ ነበር።

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አናጢው ፉርጎዋን በአንድ እጁ አንሥቶ፣ ልጁን በሌላው ይዞ ሄደ። የታችኛው መንደር ሰው ተከተላቸው። የእኛም ሰው ተነሣ። አግዳሚው ላይ አስተማሪው ብቻውን ቀረ።

ቤት ስንደርስ ለአባቴ ነገርኩት። በሕይወቴ ደፍሬ የተናገርኩት ያ ነው። «አባ፣ በራሴ ክንድ ነው የለካሁት። የሰፋው የእነሱ አይደለም፤ የጠበበው የእኛ ነው።» ጥሩ ሰው ነው አባቴ። «አብሽሪ» አለኝ። «ግን አንች ልጅ፣ አሁን ይኸን ብትናገሪ መንደሩን ነው የምታዋርጅው። ዝም በይ፤ ይረሳል።» ዝም በይ ለሚባል ሰው እኔን የሚያህል የለም።

ዓርብ አስተማሪው መጽሐፉን ይዞ ገባ። ማን አጠፋ አላለም። በአሜሪካ ደቡቡ ክፍል ሐዲዱ ከሌላው ሰፋ ያለ እንደነበር ነገረን። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ዕቃው ሁሉ ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ ወደ ሌላው ይጫን ነበር፤ ለብዙ ዓመታት። በመጨረሻ ተስማሙና፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ በዚያ ሁሉ አገር አንዱን ሐዲድ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገፋው።

«ለምን ጠባቦቹ አልሰፉም?» አለ አንድ ልጅ።

«ጠባቡ ይበዛ ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «የሰፊው ስሕተት ስለሆነ አይደለም» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ በመስኮቱ እያየ።

ይህንኑ ታሪክ ጠዋት በኦሮምኛ ለእነሱም ነግሯቸው ነበር። ሰኞ ከሰዓት ስንመጣ የታችኛው ሐዲድ ጠቧል። ከታችኛው በር እስከ መሃል፣ አንደኛው መስመር በሙሉ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ግንዶቹ የነበሩበት ቦታ ሣሩ ነጥቶ እንደ ጠባሳ ይታያል። ካስማዎቹ እንደ አናጢ ሥራ እኩል እኩል ተመትተዋል። እሁድ፣ ከቸርች መልስ፣ አናጢውና ልጁ ሲሠሩ እንደዋሉ ሰማን።

መንደራችን ወሬው ሲደርስ ጎረቤታችን ጭኑን መታ። «አላልኳችሁም? ጥፋታቸውን አመኑ!» አለ። ሰው ሁሉ አመነው። አናጢው ለእኔ ብሎ ያደረገው ነገር በእሱ ላይ ምስክር ሆነበት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ውሃ ይዤ። አሁንም ልናገር እችል ነበር።

ዴስኩ ውስጥ ያን ሰሞን ምንም አልነበረም። እኔም ምን እንደማስቀምጥ አላወቅኩም። የለካሁበትን እንጨት ላስቀምጥላት አስቤ ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ መጻፍ አልችልም፤ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁትም የተናገሩት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእኛም መንደር ነደደ፣ የእነሱም ነደደ። ማን ቀደመ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ያ ጥያቄ ሲጠየቅ ጥሩ ነገር ሲከተለው አላየሁም። አስተማሪው ከትምህርት ቤቱ መጨረሻ የወጣ ሰው እንደሆነ ይነገራል። የሐዲዱን ግንዶች ሰዎች ለምን እንደተጠቀሙባቸው አላውቅም። ባላውቅም ይሻላል።

እኔ አሁን ነቀምቴ ከአክስቴ ጋር ነኝ፤ ባሏ የዚህ አገር ሰው ነው። ገበያ ቀን እየወጣሁ የአናጢውን ልጅ ፊት እፈልጋለሁ። አንዲት ሴት ኡኬ ከተማ አየኋት ብላኝ ነበር። ሌላው ጉቴ ከተማ ላይ የሆነ እንጨት ቤት ውስጥ አለ አለኝ፤ አባትየውን ማለቱ ነው። ጉቴ ሄጄ በእንጨት ቤቶቹ ደጅ ሁሉ አለፍኩ። ገብቼ መጠየቅ ግን አቃተኝ። በየበሩ እያሸተትኩ አልፌ ተመለስኩ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት አያና ከተማ ላይ ነው። የተፈናቀለው ሰው ሁሉ መኪና የሚጠብቅበት መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ። እኔና እናቴ ጭቃው ዳር ቆመን ነበር። አንድ አይሱዙ ወደ ነቀምቴ ሊወጣ ሞተሩን አስነሥቷል። ላይ ላይ ሰው በፍራሽና በድስት መሃል ተጨናንቋል። ከመሃላቸው እሷን አየኋት፤ የሰው ትልቅ ኮት ለብሳለች። ስሟን ጠራሁ። ጮክ ብዬ ሰው ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ጠርዙ ተጠግታ የጭነቱን አጥር ይዛ ጎንበስ አለች።

«አባትሽስ?» አልኳት።

«ከኋላ ይመጣል ብለዋል» አለች። ኮቱ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የእንጨት ዱቄቱ ሽታ እኔ ጋ ድረስ ይመጣ ነበር።

«ያን ቀን…» አልኩ። «እኔ ነበርኩ። በእኔ ክንድ ነው። ለምን አልተናገርሽም? አውቀሽ ነበር።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከጎኑ መሄድ ጀመርኩ፤ ጭቃው ጫማዬን ይይዘዋል። እሷ በእጇ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ትለኛለች፤ ጎማው እንዳይነካኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ። አልነበረም። አንድ ነገር ለሕፃን የምታስረዳ ትመስል ነበር።

«የእናንተ መጥበቡን ከመጀመሪያው ቀን አይተነው ነበር» አለችኝ። «አባቴ ‹እንንገራቸው፣ ገና ሳይጨርሱ› አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ‹ዲሲ፣ ተወው አባ፣ እሷ ራሷ ትናገራለች› አልኩት።»